ቃጠሎው የሕክምናው ዋጋ ነውን?

«ልቡ ከተስተካከለ ደረቱ ትንሽ ቢቃጠል ምን ይሆናል?» የሚል አነጋገር በእኛ በተማሪዎች ዘንድ ይሰማል። አነጋገሩ ቅን ይመስላል፤ ነገር ግን ስሕተት አለበት።

የተዛባ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ ንዝረት የማስተካከል ሕክምና አዲስ አይደለም። ዶክተር በርናርድ ላውን ከልብ ምት ጋር እየተገናዘበ የሚለቀቀውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በ1962 እ.ኤ.አ. አስተዋውቀዋል። በአገራችንም ሪኡማቲክ የልብ በሽታ የወጣቶችን ቫልቭ እያጠበበ ምታቸውን ስለሚያዛባ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ስለ ሕክምናው ስንወያይ የጁሉን መጠን አጥብቀን እንጠይቃለን፤ ቆዳውን ግን እንረሳለን። ዳሩ ግን ኤሌክትሪክ መተላለፊያው በጠበበበት ስፍራ ሙቀት ይፈጥራል። በፀጉር፣ በላብ ወይም በቅባት ምክንያት ፓዱ በደንብ ካልተጣበቀ፣ ወይም ጄሉ ደርቆ ከሆነ፣ ኀይሉ በጥቂት ነጥቦች ላይ ተከማችቶ ቆዳውን ያቃጥላል፤ ለልብ የሚደርሰውም ያንሳል። ከዚያ ንዝረቱ ይደገማል፤ መጠኑ ይጨመራል፤ ቃጠሎውም ይብሳል። እንግዲህ ቆዳን የሚያቃጥለው ጕድለት ሕክምናውንም የሚያከሽፍ ነው ማለት ነው።

መከላከያው ውድ አይደለም። ፀጉሩን መቍረጥ፣ ላቡንና ቅባቱን ጠርጎ ማድረቅ፣ ጊዜው ያላለፈበትን ፓድ አየር ሳይገባበት መለጠፍ፣ በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ከሆነም ተገቢውን ጄል ቀብቶ በ8 ኪሎ ግራም ያህል ኀይል መጫን ነው። የአልትራሳውንድ ጄል ምትክ አይሆንም። ገላን ቅቤ መቀባት በተለመደበት አገር ደግሞ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

«ጊዜ የለም» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ልቡ ቀጥ ላለ ሰው በእርግጥ አንዲት ደቂቃም አትባክንም። በቀጠሮ ለመጣ ሕመምተኛ ግን ይህ ምክንያት አይሆንም።

ከሙዱላ ተነሥቶ ሆሳዕና ወይም አዲስ አበባ ድረስ ለሕክምና የሄደን ሰው እናስብ። በደረቱ ቍስል ይዞ ቢመለስ፣ ቍስሉን የሚያጥብለት ጤና ጣቢያ ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤትም ቅቤ ቀባው ይለዋል። እንጨት ወይም እንስራ በገመድ የምትሸከም እናት ከሆነች ደግሞ ገመዱ የሚያርፈው በዚያው በደረቷ ላይ ነው።

ቀላል መቅላት በጥሩ ሥራም ሊታይ ይችላል። የሚያቈስል ቃጠሎ ግን የመዳን ዋጋ ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም፤ ተመዝግቦ «ከዝግጅታችን ምን ጐደለ?» ሊያሰኘን ይገባል።