ያልታየውን የሚያሰማ ጥበብ፦ ስለ መጀመሪያዎቹ ድምፃዊ ፊልሞች

አንዲት እናት ምሳ አዘጋጅታ ልጇን ትጠብቃለች። የግድግዳው ሰዓት ደውሏል፤ ልጅቱ ግን ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። እናቲቱ ወደ መስኮቱ ሄዳ «ኤልሲ!» እያለች ትጣራለች። ጥሪው ሲቀጥል እናቲቱን አናያትም። የምናየው ባዶውን የፎቅ ደረጃ፣ ልብስ የተሰጣበትን ሰው አልባ የጣራ ሥር ክፍል፣ በገበታ ላይ የቀረበውንና ማንም ያልነካውን ሳህን ነው። ድምፁ እየራቀ፣ እየደከመ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጸጥታ ይሆናል። በዚሁ ጸጥታ ውስጥ አንዲት ኳስ ከቁጥቋጦ ሥር ተንከባልላ ስትቆም፣ አንድ ፊኛም በስልክ ሽቦ ላይ ተይዞ ሲወዛወዝ እንመለከታለን። ግድያው አልታየም፤ የልጅቱ ጩኸትም አልተሰማም። ይሁን እንጂ በአዳራሹ የተቀመጠው ተመልካች ሁሉ ምን እንደ ደረሰ ዐውቋል።

ይህ ትዕይንት የሚገኘው ጀርመናዊው የፊልም አዘጋጅ ፍሪትዝ ላንግ በሠራውና በግንቦት ወር 1931 በበርሊን ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው «ኤም» በተሰኘው ፊልም ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።) በዚያን ጊዜ ድምፃዊ ፊልም በገበያ ላይ ከዋለ ገና አራት ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ሲኒማ የተናጋሪን ከንፈር ከማሳየት ተነሥቶ በአንዲት እናት ጥሪና በአንድ ባዶ ሳህን ሞትን እስከ መግለጽ እንዴት ሊደርስ ቻለ? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የመሣሪያን ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ የኪነ ጥበብ ሰው ከአዲስ መሣሪያ ጋር ሊኖረው የሚገባውን ግንኙነት ጭምር የሚመለከት ነው።

የመሣሪያው ነገር በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። በጥቅምት 6 ቀን 1927 በኒው ዮርክ የታየው «የጃዝ ዘፋኙ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ድምፃዊ ፊልም እየተባለ ይጠቀሳል። በመሠረቱ ግን የፊልሙ አብዛኛው ክፍል እንደ ቀድሞው በምስሎቹ መካከል በሚገቡ ጽሑፎች የሚተረክ ነው፤ ድምፅ ያለው በአል ጆልሰን ዘፈኖችና በጥቂት ንግግሮች ላይ ነው። ድምፁም የተቀረጸው በፊልሙ ላይ ሳይሆን፣ 16 ኢንች ስፋት ባለውና 11 ደቂቃ ያህል በሚጫወት ሸክላ ላይ ነበር። ፊልሙ ተበጥሶ ሲቀጠል ጥቂት ምስሎች ከጎደሉበት፣ የተዋናዩ ከንፈርና ቃሉ ይለያዩ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ድምፅን በብርሃን አማካይነት በፊልሙ ጠርዝ ላይ የሚጽፈው ዘዴ ሸክላውን ተካው፤ የፊልም ፍጥነትም በሰከንድ 24 ምስል እንዲሆን ተወሰነ።

ያም ሆኖ የተገኘው ጥቅም ያለ ዋጋ አልመጣም። በድምፅ አልባው ዘመን እንደ ልቡ ሲዘዋወር የነበረው ካሜራ፣ ጩኸቱ ማይክሮፎኑን እንዳይረብሽ ተብሎ ድምፅ በማያሳልፍ ሣጥን ውስጥ ተዘጋበት። ተዋናዮች ማይክሮፎኑ ከተደበቀበት ቦታ ላለመራቅ እንደ ሐውልት ተገትረው መነጋገር ግድ ሆነባቸው። በየሲኒማ ቤቱ ፊልሙን በሙዚቃ ያጅቡ የነበሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሙዚቀኞች እንጀራቸውን አጡ። በጃፓን አገር ከመጋረጃው አጠገብ ቆመው ታሪኩን በቃል እየተረኩ፣ የተዋናዮቹንም ንግግር በየድምፃቸው እያስመሰሉ ሕዝቡን ሲያስደስቱ የኖሩት ቤንሺ የሚባሉ ተራኪዎችም ሥራቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። ስለዚህ ድምፅ አልባ የሚባለው ሲኒማ በእርግጥ ዝምተኛ አልነበረም፤ የቀረው የሕያው ሰው ድምፅ በታተመ ድምፅ መተካቱ ነው።

አደጋውን አስቀድመው ካስተዋሉት መካከል ሦስት የሶቪየት የፊልም ባለሙያዎች ይገኙባቸዋል። ሰርጌይ አይዘንስታይን፣ ፍሴቮሎድ ፑዶቭኪንና ግሪጎሪ አሌክሳንድሮቭ በ1928 ባወጡት መግለጫ፣ ድምፅ ምስሉን የሚደግም ብቻ ከሆነ ፊልም ፎቶግራፍ የተነሣ ቴአትር ሆኖ እንደሚቀር አስጠነቀቁ። በእነርሱ አስተያየት ድምፅ ከምስሉ ጋር በተቃርኖ መቀናበር ነበረበት። በእኛ የቅኔ ልማድ ቢነገር፣ ሰሙን ብቻ የሚደግም ወርቅ ወርቅ አይደለም እንደ ማለት ነው። ዐይን አንድ ነገር ሲያይ፣ ጆሮ ሌላ ሲሰማ፣ ሦስተኛው ትርጉም በተመልካቹ ኅሊና ውስጥ ይወለዳል። የመግለጫው ምርመራ ትክክል ነበር። መድኃኒቱ ግን በተቃርኖ ላይ ብቻ የተመሠረተ መስሎ ስለ ቀረበ ጠበብ ያለ ነው። ቀጥሎ የምናያቸው ፊልሞች እንደሚያስረዱት፣ ዋናው ነገር ድምፅና ምስል መጣላታቸው ሳይሆን፣ ድምፅ ምስሉ ሊናገር የማይችለውን መናገሩ ነው።

በ1929 እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሂችኮክ «ብላክሜይል» የተባለውን ፊልም በድምፅ አልባነት ጀምሮ፣ በሥራ ላይ እንዳለ ወደ ድምፃዊነት ለወጠው። የዋናዋ ተዋናይት የአኒ ኦንድራ የቼክ አነጋገር ለለንደን ባለ ሱቅ ልጅ ስላልተስማማ፣ ሌላ ተዋናይት ከካሜራው ዕይታ ውጭ ቆማ ቃሉን ስትናገር ኦንድራ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ችግሩ የወለደው ይህ ዘዴ የሚደነቅ ቢሆንም፣ ፊልሙን ከመረሳት ያዳነው ሌላ ነገር ነው። ልጅቱ ሊደፍራት የሞከረውን ሠዓሊ በቢላዋ ገድላ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። በማግሥቱ ቁርስ ሰዓት አንዲት ወሬኛ ጎረቤት ስለ ግድያው ታወራለች። ካሜራው በልጅቱ ፊት ላይ ሲቆይ የጎረቤቲቱ ወሬ ወደማይለይ ጉርምርምታ ይለወጣል፤ ከዚያ ሁሉ ጥርት ብሎ የሚሰማው «ቢላዋ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ቃሉ በተደጋገመ ቁጥር ይጎላል። አባቷ ዳቦ እንድትቆርስ ሲጠይቋትም ቢላዋው ከእጇ ተፈናጥሮ ይወድቃል። በዚህ ትዕይንት የምንሰማው ጎረቤቲቱ የተናገረችውን ሳይሆን ልጅቱ የሰማችውን ነው። ማይክሮፎኑ ወደ ሰው ኅሊና ገባ ማለት ነው።

ዚጋ ቬርቶቭ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ። በ1930 በሠራው «ግለት፦ የዶንባስ ሲምፎኒ» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልሙ የድምፅ መቅረጫውን ከስቱዲዮ አውጥቶ ወደ ዩክሬን የድንጋይ ከሰል ማዕድንና የብረት ፋብሪካዎች ወሰደው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ባለሙያዎች ድምፅ በጥሩ ሁኔታ የሚቀረጸው በተዘጋ ክፍል ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቬርቶቭ ግን የባቡርን ፉጨት፣ የመዶሻን ምት፣ የሕዝብን ሰልፍ በየሥፍራቸው ቀርጾ፣ ምስልን እንደሚቆራርጥና እንደሚቀጥል ሁሉ ድምፅንም ቆራርጦ አቀናበረው። በአገሩ አንዳንድ ሃያስያን ሥራውን ሁከት ብለው ሲነቅፉት፣ በ1931 በለንደን ያየው ቻርሊ ቻፕሊን እጅግ አድንቆታል። የእኛ ፍርድ ከሁለቱ መካከል ነው። ፊልሙ የሥራን ድምፅ ለሙዚቃ ክብር አብቅቷል፤ ሆኖም ማሽኑ ጎልቶ ሲሰማ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ በአብዛኛው የሚናገረው የተዘጋጀ መፈክር ነው። ስለ ድካሙ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ተስፋው በራሱ አነጋገር አልሰማነውም። ጆሮውን ለፋብሪካው የከፈተ ጥበብ ለሠራተኛው ሙሉ በሙሉ አልከፈተም።

የቬርቶቭ አድናቂ ቻፕሊን ራሱ በዚያው ዓመት ባቀረበው «የከተማ መብራቶች» ንግግርን እምቢ አለ። ሙዚቃውን ግን ራሱ ደረሰ። ፊልሙ ሲከፈት ሹማምንት ሐውልት ለመመረቅ ንግግር ያደርጋሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣው ግን የመጫወቻ ፉጨት የሚመስል ጩኸት እንጂ ቃል አይደለም። በአዲሱ መሣሪያም፣ በባለ ሥልጣን ዲስኩርም ላይ በአንድ ጊዜ ማላገጡ ነበር። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ዐይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ድኻውን ቻርሊን ባለጸጋ አድርጋ የምትገምተው የመኪና በር ሲዘጋ ስለ ሰማች ነው። የፊልሙ ታሪክ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ድምፅ ላይ ነው፤ እኛ ግን ድምፁን አንሰማውም፣ በምስል እንረዳዋለን እንጂ። ብርሃኗ ከተመለሰላት በኋላም የምታውቀው በዐይኗ ሳይሆን እጁን በዳሰሰች ጊዜ ነው። ድምፅን አልቀበልም ያለው ሰው ስለ መስማት ጥልቅ ከሆኑት ፊልሞች አንዱን ሠራ።

ቻፕሊንን ያሳሰበው አንድ ጉዳይ ነበር። ድምፅ አልባ ፊልም ጽሑፎቹ ተተርጉመው በየትኛውም አገር ሊታይ ይችል ነበር። ንግግር ሲመጣ በየድንበሩ ግንብ ቆመ። ለምሳሌ በ1930 የወጣው «ሰማያዊው መልአክ» በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ተቀርጿል። በሌላ በኩል ግን ይኸው ግንብ ለብዙ ሕዝቦች ቤት ሆኖላቸዋል። በመጋቢት 14 ቀን 1931 አርዴሺር ኢራኒ «አላም አራ»ን በቦምቤይ ባሳየ ጊዜ፣ የሕንድ ተመልካች በመጋረጃው ላይ የገዛ ቋንቋውንና ዘፈኑን ሰማ። የዚህ ፊልም ቅጂ ዛሬ የት እንዳለ አለመታወቁ ለቅርስ ጠባቂ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ሐዘን ነው።

የቋንቋን ድንበር ራሱን የጥበብ ርእስ ያደረገው የጌኦርግ ቪልሄልም ፓብስት «ጓዳዊነት» (1931) ነው። መነሻው እውነተኛ አደጋ ነው። በ1906 በሰሜን ፈረንሳይ በኩሪየር የድንጋይ ከሰል ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 1,099 ሰዎች ሲያልቁ፣ ጀርመናውያን ማዕድን ቆፋሪዎች ለዕርዳታ ሄደው ነበር። ፓብስት ታሪኩን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወዳለው ድንበር አዛወረው። ፈረንሳዮቹ በፈረንሳይኛ፣ ጀርመኖቹ በጀርመንኛ ይናገራሉ። በዳንስ ቤት አንዲት ፈረንሳዊት ደክሟት አልደንስም ስትል፣ የጋበዛት ጀርመናዊ በጥላቻ ያደረገችው ይመስለዋል። ከመሬት በታች የታፈነ ፈረንሳዊ ደግሞ የጋዝ መከላከያ ጭንብል ያጠለቀ ጀርመናዊ አዳኝ ሲቀርበው፣ የጦር ሜዳው ትዝታ ተመልሶበት ሊያድነው የመጣውን ሰው ይታገላል። ያልተተረጎመው ቃል እዚህ ላይ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ የፊልሙ ፍሬ ነገር ሆነ። በመጀመሪያው ቅጂ ፍጻሜ ላይ ስለ ወንድማማችነት በምድር ላይ ንግግር ከተደረገ በኋላ፣ ከምድር በታች የድንበሩ የብረት ዘንግ ተመልሶ ሲተከል እናያለን። ፓብስት ተመልካቹን በመልካም ንግግር አሞኝቶ አላሰናበተም።

አሁን ወደ «ኤም» እንመለስ። ነፍሰ ገዳዩን የምናውቀው ከፊቱ በፊት በፉጨቱ ነው፤ ዜማው የኖርዌጂያዊው የግሪግ ሲሆን፣ ተዋናዩ ፒተር ሎሬ ማፏጨት ስለማይችል ያፏጨው ላንግ ራሱ ነው። ሰውዬውን ለይተው የሚይዙትም በዚሁ ዜማ ነው፤ ያወቀው ዐይነ ስውር ፊኛ ሻጭ ነው። በካፖርቱ ትከሻ ላይ በጠመኔ የታተመው ፊደል የመጣው ከጆሮ ምስክርነት በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ ፊልሙ ስሜታችንን የሚመራ አጃቢ ሙዚቃ የለውም። ደስ ይበላችሁ፣ ፍሩ፣ አልቅሱ ብሎ የሚያዘን የለም። ስለዚህ በመጨረሻው የወንበዴዎች ችሎት ላይ ገዳዩ ራሱን መግታት እንደማይችል ሲጮኽ፣ ፍርዱ በእኛ ላይ ይወድቃል። እንድናዝንለት ሳይሆን፣ በቁጣ የሰከረ ጉባኤ ፍትሕን ሊሰጥ ይችል እንደሆነ እንድንጠይቅ ነው የተገደድነው።

የዚህ ንግግር ዕጣ ግን አሳዛኝ ነው። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ላንግም፣ አይሁዳዊው ሎሬም በ1933 ከጀርመን ወጡ፤ ፊልሙም በ1934 ታገደ። በ1940 ደግሞ «ዘላለማዊው አይሁዳዊ» የተባለው የናዚ የጥላቻ ፊልም የሎሬን የችሎት ጩኸት ቆርጦ ወስዶ፣ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይን ቃል በአንድ ሕዝብ ላይ እንደ ማስረጃ አቀረበው። ድምፁ ያው ድምፅ፣ ምስሉም ያው ምስል ነበር። የተለወጠው ከፊቱና ከኋላው የተቀጠለው ነገር ነው። ቅንብር የትርጉም ጌታ መሆኑን ያወቁት የጥበብ ሰዎች ብቻ አልነበሩም።

እንግዲህ መምህሩም፣ የባህል ሠራተኛውም፣ ወጣቱ የፊልም ባለሙያም ከእነዚህ ሥራዎች የሚማሩት ምንድን ነው? ዛሬ ድምፅ መቅረጽ በእጅ ስልክ የሚሠራ ቀላል ነገር ሆኗል። የመሣሪያ እጥረት ያስጨነቃቸው እነዚያ ሰዎች እያንዳንዱን ድምፅ ለምን እንዳስገቡት ያውቁ ነበር። የእኛ ዘመን ፊልም ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙዚቃ ያፈስበታል፤ ተዋናዩ ሳያዝን ዋሽንቱ ያዝንለታል። ጸጥታን የሚፈራ አዘጋጅ ተመልካቹን የማያምን አዘጋጅ ነው። ለተማሪዎች የሚሰጥ አንድ ጠቃሚ ልምምድ አለ፦ የአንድን ፊልም ትዕይንት መጀመሪያ ምስሉን ሸፍኖ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ ድምፁን አጥፍቶ መመልከት፣ በመጨረሻም ሁለቱን አንድ ላይ ማየት። ሦስተኛው ጊዜ ከሁለቱ ድምር የበለጠ ነገር ካልሰጠ፣ በዚያ ትዕይንት ውስጥ መሣሪያ እንጂ ጥበብ አልነበረም።

የኤልሲን እናት ጥሪ በዚህ መንገድ የሞከረ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳዋል። ድምፁ ብቻውን የአንዲት እናት የዘወትር ጥሪ ነው፤ ምስሉም ብቻውን ባዶ ደረጃና ሳህን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንዲት ልጅ ዳግመኛ ወደ ቤቷ አትመለስም።