የሚያነብ ደንበኛ

ብራና ሊማር የመጣው ወጣት ጥሩ እጅ አለው፤ ፊደሉ ይቆማል፣ መስመሩም አይንጋደድም። የንግድ ሥልጠና ወስዶ ስለመጣ ስሌቱንም አብሮ ይዟል። «የኔታ፣ ብራናውን የተዘጋጀ እንግዛ፤ አንዱ ይሣል፣ ሌላው ይጻፍ። እየቆራረጥን ላሊበላ ብንወስደው ቶሎ ይሸጣል። ሱቅ ብንከፍትስ?» አለኝ። እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ሥራ መከፋፈሉንም አልጠላሁበትም፤ ጸሐፊና ሠዓሊ ድሮም ሁልጊዜ አንድ ሰው አልነበሩም። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ የሚገዛው ሰው ያነበዋል ወይ?

አንድ የገጠር ደብር ዳዊት ሲያዝዘኝ 150ውን መዝሙር ብቻ ጽፌ አልገላገልም። ጸሎተ ነቢያቱ፣ መኃልየ መኃልዩ፣ ውዳሴ ማርያሙና አንቀጸ ብርሃኑ አብረው ይገባሉ። ይህ ስንት የፍየል ቆዳ እንደሚጨርስ ባልደረቦቼ ያውቁታል። ካህናቱ በዋጋ ይከራከሩኛል፤ ከፊሉን አሁን ከፍለው የቀረውን ለመከር ያቆዩታል። ነጋዴ እንዲህ ያለ ደንበኛ አይወድም። ነገር ግን መጽሐፉ ገና ከመግባቱ ዳዊት ደጋሚው በቃሉ ከሚያውቀው ጋር ያስተያየዋል። በንጉሡ ሠ ፈንታ እሳቱን ሰ ብጽፍ፣ አንዲት ሐረግ ብዘል፣ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቴ ይደርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቅጠል ከእናት መጽሐፉ ጋር ሳላመሳክር አልጠርዝም። ጠንቃቃ ያደረገኝ ጠባዬ አይደለም፤ አንባቢው ነው።

ለእንግዳ የሚሸጠውን እዩት። መሃል ላይ የተቆረጠ መዝሙር፣ በቀይ መጻፍ ሲገባው በጥቁር የታለፈ ቅዱስ ስም፣ ትርጉም የሌለው የፊደል ድርድር። የመለሰ ደንበኛ ግን የለም። እጅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አራሚ በሌለበት ዓመት ሙሉ የጻፈ ሰው ወደ ዳዊት ልመለስ ቢል ብርዑ አይታዘዘውም። ሙያን ንግድ ማድረግ ከባድ የሚሆነው ገንዘብ ስለሚያጥር ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን ገንዘቡ የሚመጣው ከማያነብ ሰው ስለሆነ ነው እላለሁ።

ከዚህ የባሰው ጢሱ ነው። ትናንት የተጻፈውን ብራና ጢስ ላይ ሰቅለው ያጠቁሩና «ጥንታዊ ነው» ብለው ይሸጡታል። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ቢሆንም እርጅናን የሚፈልግ ገዢ እስካለ ድረስ ሐሰተኛውም እውነተኛውም ይሄድለታል። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጅየም የደረሰው በዚሁ ፍላጎት ነው። በ1993 እስኪመለስ ድረስ ላስታ አልቅሷል።

እኔም ለእንግዳ እሸጣለሁ። የምሸጠው ግን ሙሉ ቃል ነው፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ያላት መዝሙር 116 እንኳ ሙሉ ከሆነች ትበቃለች። ከግርጌው ዓመቱን፣ አገሩንና ስሜን እጽፋለሁ፤ ማንም አጭሶ እንዳያስረጀው። እኔ ወዳለሁበት ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ የሚመጣ እንግዳ ከላሊበላ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ፣ ዋሻው ውስጥ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በእንጨትና በድንጋይ ንብርብር የታነጸውን ቤተ ክርስቲያን አይቶ የወጣ ስለሆነ ችኩል አይደለም። አነብለታለሁ፣ አስጎብኚው ይተረጉምለታል። አንዳንዱ ዋጋውን ሰምቶ ይሄዳል፤ ይሂድ።

በ2012 ኮሮና መጣ፣ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፣ እንግዳ ጠፋ። ቁርጥራጭ የሚሸጡት ጓደኞቼ ብርዓቸውን አስቀመጡ። እኔ ዘንድ ግን ዳዊታቸው ያረጀባቸው ካህናት በእግራቸው ይመጡ ነበር። ብዙ አልከፈሉኝም። ሥራው ግን አልተቋረጠም።

እኔን ያስተማሩኝ መምህር ስጽፍ ከኋላዬ ተቀምጠው በቃላቸው ይወጡት ነበር። ስሳሳት አይናገሩም፤ ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን ስሰማ ቢላዬን አንስቼ እፍቃለሁ። እስካሁን የምሠራው እሳቸው የሚሰሙኝ እየመሰለኝ ነው፤ ከዚህ ሙያ ያገኘሁት ትልቁ ሀብትም ይኸው ነው።

አንዲት እናት ለዲያቆን ልጃቸው ዳዊት አሠርተው ሊወስዱ መጡ። ፊደል አልቆጠሩም። ገንዘቡን ከመቀነታቸው ከመፍታታቸው በፊት «እስቲ ያንብቡልኝ» አሉኝ። ይዌድስዋ መላእክት የሚለውን የማርያም ውዳሴ አነበብኩላቸው፤ የሚያውቁት ቦታ ላይ ስደርስ ከንፈራቸው አብሮኝ ይንቀሳቀስ ጀመር። ጨርሼ ስዘጋው ከፈሉኝ። ዋጋ አልቀነስኩላቸውም፤ እሳቸውም ቀንሱልኝ አላሉም።