ክስ እንዴት ይሰማል? የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታና የእኛ መጽሔቶች

ጎሬ ላይ በማስተምርበት ክፍል የዘርዐ ያዕቆብ «ሐተታ» ሲነሣ ውይይቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። አንዱ ተማሪ «መጽሐፉን የጻፈው ጣሊያናዊ ነው ይባላል እኮ» ይላል፤ ሌላው «ይህን ያለውም ጣሊያናዊ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በፋሺስት ስትያዝ ራስ እምሩ የመሩት መንግሥት መቀመጫ በነበረች ከተማ ይህ መልስ ይጥማል። መልስ ግን አይደለም።

«ሐተታው» የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ሰው ሥራ ሆኖ ቀርቧል። ወደ አውሮፓ የደረሱት ሁለት ቅጂዎች ግን ሁለቱም በካፑቺኑ ሚሲዮናዊ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ለአንቷን ዳባዲ የተላለፉ ናቸው። ጁስቶ እ.ኤ.አ. በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። ከ64 ዓመት በኋላ፣ በ1920፣ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በሮማው የሊንቼይ አካዳሚ መጽሔት ላይ ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው ሲል ጻፈ። ከማስረጃዎቹ አንዱ የአንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ምስክርነት ነበር። ክሱ ቀላል አልነበረም፤ ሰውየውን አጭበርባሪ፣ መጽሐፉን ሐሰተኛ የሚያደርግ ነው። ተከሳሹ መልስ መስጠት አይችልም። ክሎድ ሰምነር አዲስ አበባ ላይ ሰፊውን መከላከያ ያሳተመው በ1976 ነው።

ኮንቲ ሮሲኒ ትክክል ሊሆን ይችላል። አናይስ ዊዮን በ2013 ቅጂዎቹንና የጁስቶን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ መርምራ ከእርሱ ጋር ወግናለች፤ ክርክሩ ግን ዛሬም አልተዘጋም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የእርሷን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ማስረጃውን ራሱ መመዘን ይችላል። «እርሱ በኤርትራ የቅኝ አስተዳደር ያገለገለ ሰው ነው» ብለን የምንመልስ ግን እውነት ተናግረናል እንጂ ማስረጃውን አልነካንም። ኒቆዲሞስም በዮሐንስ 7 የጠየቀው ተከሳሹ ሳይሰማ እንዳይፈረድበት ነው።

የዛሬ መጽሔቶች፣ ቢያንስ በመመሪያቸው፣ ይህን ተምረዋል። በ1997 የተቋቋመው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ መመሪያ መጀመሪያ ጸሐፊው እንዲጠየቅ፣ ካስፈለገ ነገሩ ለሚሠራበት ተቋም እንዲመራ፣ ጽሑፉ ከተሻረም ምክንያቱ በይፋ እንዲነገር ያዛል። ብዙዎቻችሁ ለስብከት የምትጠቀሙበትን የፒተር ኦብራየን የኤፌሶን ማብራሪያ አስታውሱ። ኤርድማንስ በ2016 ከሌሎች ሥራዎች ተገቢው ምንጭ ሳይጠቀስ የተወሰደ እንዳለበት በይፋ አስታውቆ ከሽያጭ አነሣው፤ ጸሐፊውም ሆን ብሎ እንዳላደረገው ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። አዛውንት፣ የተከበረ መምህር ነው። አሳፋሪ ነበር፤ ግን ሁሉም በብርሃን ሆነ።

እኛስ? 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19ን፣ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ክስ እንዳንቀበል የሚያዘውን፣ አዘውትረን እንጠቅሳለን። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 20 በሁሉ ፊት ስለ መገሠጽ ይናገራል፤ እርሱን እንዘለዋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መጽሔት ጽሑፍ ስገመግም ሦስት ገጽ ያህል ከአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ቃል በቃል የተገለበጠ አገኘሁ። ለአዘጋጁ ነገርኩ። «የጌታ አገልጋይ ነው፣ እንሸፍነው» ተባለና ጽሑፉ «ቦታ አልበቃንም» በሚል ደብዳቤ ተመለሰ። ጸሐፊው አልተጠየቀም፤ ምናልባት ማብራሪያ ነበረው ይሆናል። እኔም በነገሩ ተስማማሁ። ጽሑፉ በዓመቱ ሌላ ቦታ ታተመ። ተማሪው አሁን በአንዲት የገጠር አጥቢያ ያገለግላል፤ እስከ ዛሬ የነገረው ሰው የለም።