ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ንብ

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን ሐይቅ ከተማ፣ የወጣቶች ኅብረት በሚለማመድባት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ አንድ አዲስ መዝሙር ሰማሁ። ዜማው አምባሰል ነው፤ እዚያ ተራራ ሥር ላደገ ልጅ ይህ አያስገርምም። ግጥሙ ደህና ነበር፤ የእህቶች ድምፅ ደግሞ ከደህናም በላይ። አዝማቹ ላይ ሲደረስ ግን ከላፕቶፑ ውስጥ ከባድ የኤሌክትሪክ ጊታር ገባ። ገባ ከተባለ ነው። እኔ የሰማሁት ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ንብ ነው።

በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ጆሮዬን በላው፤ ጉልበት ግን የለውም» አሉ። ወጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ያው፣ እሳቸው ሮክ አይወዱም» ማለታቸው ነበር። እናንተም ብትሆኑ እንዲሁ ታስቡ ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ከሰማኋቸው ሂሶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም። ጆሮ ይበላል፣ ጉልበት የለውም። ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ በየአጥቢያው በላፕቶፕ የሚሠሩ የወጣት መዝሙሮችን የሚያደክመው ነገር ይኸው ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። «በኮምፒውተር ጊታር መዘመር ውሸት ነው» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የተበጠሰ ክር ለመተካት ደሴ መሄድ ያለበትን ልጅ «እውነተኛ ጊታር ያዝ» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው። ደግሞም እንደ ሽሬዴጅ ወይም እንደ አምፕል ሜታል ኤክሊፕስ ያሉት የጊታር ሳምፕሎች ባዶ ድምፅ አይደሉም። አንድ ጊታሪስት እያንዳንዱን ክር፣ እያንዳንዱን ፍሬት፣ በለስላሳም በኃይለኛም አመታት ደጋግሞ መትቶ ያስቀረጸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የጄኔራል ሚዲ ዝርዝር 31ኛ ሆኖ የተቀመጠውና እስከ ዛሬ በየኪቦርዱ የምናገኘው «ዲስቶርሽን ጊታር» ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ታዲያ ሳምፕሉ ከእውነተኛ እጅ የወጣ ከሆነ ንቧ ከየት መጣች?

ከስፒከሩ ነው፤ ወይም ከስፒከሩ አለመኖር። የሻከረው የጊታር ድምፅ አጀማመሩ ብልሽት ነበር። ሊንክ ሬይ እ.ኤ.አ. በ1958 ስፒከሩን በእርሳስ ወግቶ በሳው ይባላል። ዴቭ ዴቪስ በ1964 የአምፑን ስፒከር በምላጭ እንደ ቀደደ ራሱ ተናግሯል። የሰሙት ሰዎች የወደዱት ወረቀትና እንጨት ሲጨነቁ የሚያወጡትን ድምፅ ነው። የጊታር ስፒከር ደግሞ ሆዱ ጠባብ ነው፤ ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ጭረት አብዛኛውን አያሳልፍም። የሳምፕል ጊታር ብዙ ጊዜ የሚቀረጸው ያለ አምፕና ያለ ስፒከር፣ ከክሩ በቀጥታ ነው። እናንተ ዲስቶርሽን ብቻ ጨምራችሁ ከተዋችሁት ያ ጭረት ሁሉ ሳይጣራ ጆሮ ላይ ይደፋል። ሽማግሌውን የበላቸው እሱ ነው። መድኃኒቱ «ኢምፐልስ ሪስፖንስ» የምትባለው አጭር ፋይል ናት። የአንድን እውነተኛ ስፒከር ጠባይ ይዛለች፤ ከአምፑ ፕለጊን ቀጥሎ ትገባለች። በነፃ የሚገኙ ሞልተዋል። ያቺን ፋይል ብቻ ጨምረን መዝሙሩን እንደገና ስንሰማው ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ቀና አለ።

ጉልበቱ ግን አሁንም አልመጣም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእጅ ነው፤ ከልቤ ልናገርበት የምፈልገውም ይህን ነው።

ኪቦርድ የሚመታ ሰው አሥር ጣት አለው፤ ሦስት አራት ድምፅ አጠጋግቶ ይይዛል። በፒያኖ ድምፅ ያምራል። በዲስቶርሽን ውስጥ ግን ድምፆች ጎን ለጎን አይቆሙም፤ ይባዛሉ። ሁለት ድምፅ ስትሰጡት አምፑ ሦስተኛና አራተኛ ይፈጥራል። ሁለቱ ክሮች በ2 ለ3 ዝምድና ሲርገበገቡ፣ ማለትም መነሻውና አምስተኛው ሲሆኑ፣ የሚፈጠሩት ትርፍ ድምፆች ከወላጆቻቸው ጋር ይስማማሉ፤ ከሥርም አንድ ኦክታቭ ወርዶ የሚያጉረመርም ይጨመራል። ፓወር ኮርድ የሚሉት ይህን ነው። ሌላ ድምፅ መሐል ካስገባችሁ ግን ጭቃ ይሆናል። የሐይቁ ልጅ አዝማቹን በሙሉ በአራት አራት ድምፅ ነበር የመታው።

አሁን አምባሰልን ተመልከቱ። ከጊታሩ ወፍራም ክር፣ ከኢ ብትነሱ፣ ቅኝቱ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ነው። በኢ፣ በኤፍና በኤ ላይ ፓወር ኮርድ ብትሠሩ ከቅኝቱ አትወጡም፤ አምስተኞቻቸው ቢ፣ ሲ እና ኢ እዚያው ቤት ውስጥ ናቸው። በቢ ላይ ግን ኤፍ ሻርፕ፣ በሲ ላይ ደግሞ ጂ ይመጣል፤ ሁለቱም እንግዶች ናቸው። «ኮርዱ ልክ ነው፣ ግን አምባሰሉ ጠፋ» ስትሉ የምትሰሙት እነዚህን ነው። እዚያ ላይ አምስተኛውን ትታችሁ አራተኛውን ያዙ፤ ቢ ከኢ ጋር፣ ሲ ከኤፍ ጋር። ጊታር ላይ አንዲት ጣት ሁለት ክር ላይ ጋደም ስትል የምትይዘው ነው፤ ድምፁም ጥርት ብሎ ይወጣል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የመጀመሪያዋ እርምጃ ናት፤ ከኢ ወደ ኤፍ፣ ግማሽ ድምፅ። የውጭ አገር ከባድ ሮክ አጥብቆ የሚወዳት እርምጃ ይህቺው ናት። አያቶቻችን በማሲንቆ የሚያውቋት፣ አምባሰልን አምባሰል ያደረገች ነገር፣ ሳንጠራት ከጊታሩ ጋር ስትጠብቀን ነበር። ሁለቱን ድምፆች በአንድ ጊዜ አትምቱ እንጂ (ይፋጫሉ) በየተራ ስትረግጧቸው ተራራ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ይህን በድፍረት የሞከረ ሰው ብርቅ ነው። ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገውን የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ»፣ የ2012 እ.ኤ.አ. አልበም፣ ለዚህ ስትሉ ስሙት። መዝሙር አይደለም፤ ግን የኢትዮጵያ ዜማና የሻከረ ጊታር አንድ ቤት መኖር እንደሚችሉ በእውነተኛ እጅ ያሳየ ሥራ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልለፍ። ቬሎሲቲ ከ1 እስከ 127 የሚሄደው በከንቱ አይደለም፤ ሁሉን ምት 127 ላይ ከሰቀላችሁት ጊታሪስቱ በተለያየ ጉልበት የተቀረጸው በከንቱ ነው። መዳፍ ክሩን የሚያፍንበትን አመታት፣ ፓልም ሚውትን፣ ለስንኙ አድሉት፤ ክፍቱን ለአዝማቹ። ዲስቶርሽኑን ደግሞ በቂ ነው ካላችሁበት ቦታ ዝቅ አድርጉት። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ከጊታሩ ቁረጡና ለቤዝ ተዉለት፤ ከጊታር እንመኘው የነበረው ክብደት ግማሹ የቤዝ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልቆይበት አላልፍም። ወጣቶቹ ጊታሩን ሰፊ ለማድረግ ትራኩን ገልብጠው አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አስቀምጠው ነበር። አልሰፋም። አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለት በኩል ሲመጣ ጆሮ መሐል ላይ አንድ አድርጎ ነው የሚሰማው። ማዶ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ዘመን፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ጀምሮ የብራና ቤት ነው። አንድን መጽሐፍ አንድ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ ቢጽፈው ቃሉ አንድ ይሆናል፣ የብዕሩ አካሄድ ግን ይለያያል። ጊታሩም እንዲያ ነው። ሁለተኛውን ትራክ እንደገና በእጃችሁ ምቱት፣ ኳንታይዝ ሳታደርጉ፤ ከተቻለም በሌላ ሳምፕል። ስፋቱ የሚመጣው ከእነዚያ ትንንሽ ልዩነቶች ነው።

ልጁ ሁለተኛውን ሲመታ ሦስት ጊዜ ተሳሳተ፤ በአራተኛው ሆነለት። ከሁለቱ ስንኞች ጊታሩን ጨርሶ አወጣነው፤ አዝማቹ ላይ ብቻ ቀረ። ማታ ለሽማግሌው በስልክ አሰማናቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዳመጡ።

«ጊታሩስ ደህና ነው» አሉ። «አሁን ከበሮው በዛ።»

ከበሮውን ከፍተን አየነው። እውነታቸውን ነው።