ስፒከሩ ከመሠራቱ በፊት ክፍሉ ይለካ

ለቤቱ ማዳመጫ ክፍል ውድ ስፒከር በትዕዛዝ ለማሠራት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ወፍራሙን ድምፅ (ቤዙን) የሚያወጣው ዉፈር የየትኛው ፋብሪካ ነው? ቀጭኑን የሚያወጣው ትዊተርስ ከምን ተሠራ? ሣጥኑ ከየትኛው እንጨት ይሁን? ስንት ዋት ይችላል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን የተዛባ ነው። ጆሮ ላይ የሚደርሰው ድምፅ የስፒከሩ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ስፒከሩና የተቀመጠበት ክፍል አብረው የሚሠሩት ነው። በቤዙ በኩል እንዲያውም የክፍሉ ድርሻ ያመዝናል። ከመደብር የሚገዛ ስፒከር ሠሪው ለማያውቀው ክፍል የተሠራ ነው። የትዕዛዝ ሥራ ግን ለአንድ ለታወቀ ክፍል ሊሠራ ይችላል፤ ከፍ ያለ ዋጋ ሊከፈልበት የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። ልብስ ሰፊ ደንበኛውን ሳይለካ ጨርቅ እንደማይቆርጥ ሁሉ፣ ስፒከር ሠሪም ክፍሉን ሳይለካ እንጨት መቁረጥ የለበትም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት የአንድን ሞገድ ርዝመት ግማሽ ሲያህል፣ ሞገዱ እየተመላለሰ ራሱን ያጎላል። በዚህ ስሌት ሳሎኑ በርዝመቱ 34፣ በወርዱ 43፣ በቁመቱ 61 ሄርዝ ላይ የራሱ ድምፅ አለው። አሁን ቤዝ ጊታር እናሰማበት። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኤፍ ኖታ 44 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ክፍሉ በወርዱ ከሚጮኽበት ድምፅ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። ጂ ኖታ ደግሞ 49 ሄርዝ ሲሆን ክፍሉ የሚደግፈው የራሱ ድምፅ በአጠገቡ የለም። ስለዚህ ቤዚስቱ ሁለቱን ኖታዎች በእኩል ጉልበት ቢመታቸውም አንዱ ሲያብጥ ሌላው ይከሳል። አምሃ ሬከርድስ በ1969 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሥራ ከጀመረበት ዘመን ወዲህ በአዲስ አበባ የተቀረጹትን ዘፈኖች የሚወድ አድማጭ ይህ ምን እንደሚያጎድልበት ይገባዋል። በእነዚያ ቅጂዎች ቤዙ ከከበሮው ጋር ዜማውን ተሸክሞ የሚሄድ መስመር ነው። አንዱ ኖታ ሲገን ሌላው ሲጠፋ መስመሩ ይቆራረጣል፤ የተጫዋቹ ሐሳብም አብሮ ይጠፋል።

ይህ የክፍሉ ገዢነት ግን ወሰን አለው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ማንፍሬድ ሽሮደር ወሰኑን ለማስላት ቀላል ቀመር ትቶልናል፦ ድምፁ በክፍሉ ውስጥ ለመክሰም የሚፈጅበት ጊዜ በሰከንድ፣ ለክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ ይካፈላል፤ የውጤቱ ስኩዌር ሩት በ2000 ይባዛል። ከላይ ያየነው ሳሎን 56 ሜትር ኩብ ይይዛል። ድምፁ በግማሽ ሰከንድ የሚከስም ከሆነ ወሰኑ 190 ሄርዝ ገደማ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በታች ክፍሉ ይገዛል። ከዚያ በላይ ወደ ጥቂት መቶዎች ሄርዝ ስንወጣ ሥልጣኑ ቀስ በቀስ ለስፒከሩ ይለቀቃል። ስፒከር መምረጥ ማለት እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎችን መወሰን ነው፤ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣውም ሁለቱን በአንድ ሚዛን ከመመዘን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ጥሩ ስፒከር በየትኛውም ክፍል ጥሩ ነው የሚል። ተቃውሞው መሠረት አለው። ፍሎይድ ቱል በኦታዋ በሚገኘው የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ ኋላም ከሾን ኦሊቭ ጋር በሃርማን ኩባንያ፣ ስፒከሮችን ከመጋረጃ ጀርባ እያስቀመጡ ለዓመታት አድማጮችን አስመዝነዋል። አድማጮቹ የሚያዩት ነገር በሌለበት ጊዜ ምርጫቸው በሚያስገርም ደረጃ ተመሳሳይ ሆነ። ያሸነፉትም ፊት ለፊት የሚወጣው ድምፃቸው ያልተዛባ፣ ወደ ጎን የሚረጨውም ፊት ለፊት የሚወጣውን የሚመስል ስፒከሮች ናቸው። ኦሊቭ በ2004 ባቀረበው ጥናት፣ ማሚቶ በሌለበት ክፍል ውስጥ ከተወሰዱ ልኬቶች ተነሥቶ አድማጮች ለ70 ስፒከሮች የሰጡትን ነጥብ አስቀድሞ መገመት እንደሚቻል አሳየ፤ ግምቱ ከእውነተኛው ነጥብ ጋር የነበረው ተዛምዶ 0.86 ነበር። ስለዚህ ከወሰኑ በላይ ላለው ድምፅ ተቃዋሚው ልክ ነው። ሠሪው ዙሪያውን የተለካ የድምፅ ሥርጭት ሰንጠረዥ ማሳየት አለበት፤ ማሳየት ካልቻለ የእንጨቱ ውበት አይተካውም። ይሁን እንጂ በዚያው በኦሊቭ ስሌት ውስጥ ከነጥቡ 30 በመቶ ያህሉ የቤዙ ድርሻ ነው። ማለትም አድማጩ ከሚፈርድበት ነገር አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ክፍሉ በሚገዛው ግዛት ውስጥ ይወድቃል። ጥናቱ የሚነግረን ስፒከሩ ጥሩ መሆን እንዳለበት ነው፤ ክፍሉ ሊረሳ ይችላል አላለም።

የስፒከር ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ፖል ክሊፕሽ በ1946 ለገበያ ያወጣው ክሊፕሽሆርን በክፍሉ ማዕዘን ላይ እንዲቀመጥ የታቀደ ነው፤ ሁለቱ ግድግዳዎች ቀንድ መሰል ለሆነው የድምፅ መውጫው ቀጣይ አካል ሆነው ያገለግላሉ። ከማዕዘኑ ካወጡት ከአካሉ አንዱን ክፍል እንደቆረጡበት ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1970ዎቹ የሠራው ኤልኤስ3/5ኤ ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ሄደ። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ ስፒከር የታሰበው ትልቅ ስፒከር ለማይገባባቸው ጠባብ የቀረጻ መኪናዎች ነበር። ስለዚህ ጥልቅ ቤዝን ትቶ የሰውን ድምፅ በትክክል ማሰማትን መረጠ። ሁለቱ በመልክም በመጠንም አይገናኙም። የሚያመሳስላቸው ሠሪዎቻቸው ስፒከሩ የሚቀመጥበትን ቦታ አውቀው መነሣታቸው ነው።

ቦታው ካልታወቀ ሠሪው የሚወስናቸው ዋና ዋና ነገሮች ሁሉ ግምት ይሆናሉ። ለምሳሌ ከግድግዳ ርቆ የቆመ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ ወደ ኋላም ስለሚበትነው ፊት ለፊት የሚደርሰው ቤዝ እስከ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ሠሪው ይህን ድምፁን ለዉፈሩና ለትዊተሩ በሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር ያካክሳል። ያው ስፒከር ግድግዳ ተጠግቶ ሲቀመጥ ግድግዳው ራሱ ቤዙን ይመልሰዋል። ማካካሻው ትርፍ ይሆንና ድምፁ ይወፍራል፣ የዘፋኙም ቃል ይደፈናል። ዉፈሩ ከኋላ ግድግዳ 1 ሜትር ከራቀ ደግሞ ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ 86 ሄርዝ አካባቢ ከፊተኛው ጋር ተጋጭቶ ያጠፋዋል፤ ርቀቱ ግማሽ ሜትር ሲሆን ክፍተቱ ወደ 171 ሄርዝ ይሸጋገራል። ስፒከሩ የሚቆምበት ቦታ በሴንቲ ሜትር ከታወቀ ግን የዉፈሩ ከፍታ፣ የማካካሻው መጠንና ክሮስኦቨሩ የሚለይበት ነጥብ በዚያው ልክ ይቆረጣሉ። ፋብሪካ ለብዙ ሺህ ቤቶች ሲሠራ ይህን ማድረግ አይችልም።

መጠኑም እንዲሁ ነው። በሙያው የሆፍማን ሕግ የሚባል ነገር አለ፦ ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ቤዝና በትንሽ ጉልበት ጎልቶ መሰማት፣ ሦስቱ በአንድ ስፒከር አይገኙም፤ ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይተዋል። የቱ ይተው የሚለውን የሚወስነው ክፍሉ ነው። በትንሽ ሳሎን ሁለት ሜትር ተኩል ርቆ የሚያዳምጥ ሰው ከመጠን ያለፈ ጩኸት አያስፈልገውም፤ ስለዚህ በትንሽ ጉልበት ጎልቶ መሰማቱን ትቶ ጥልቀቱን ሊይዝ ይችላል። በሰፊ አዳራሽ ግን 10 ዴሲቤል ለመጨመር የአምፕሊፋየሩ ጉልበት አሥር እጥፍ መሆን ስላለበት፣ ሣጥኑን ማተለቅ ይሻላል።

አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ የአየሩ ነገር ይጨመርበታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊትና ጥግግት ከባሕር ዳርቻው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ሙቀቱ እኩል ከሆነ የድምፅ ፍጥነት አይለወጥም፤ ስለዚህ የክፍሉ ስሌትም ሆነ ቱቦ ያለው ሣጥን የተቃኘበት ድምፅ እንደነበረ ይቆያል። ሁለት ነገር ግን ይለወጣል። ዉፈሩ የሚገፋው አየር ስለቀለለ ያው እንቅስቃሴ ከ2 ዴሲቤል በላይ ያነሰ ድምፅ ይሰጣል። በዝግ ሣጥን ውስጥ የታፈነው አየርም እንደ ስፕሪንግ ሲታሰብ ይላላል፤ 30 ሊትር ሣጥን በባሕር ጠለል ላይ እንዳለ 40 ሊትር ሣጥን ይሆናል። በባሕር ዳርቻ አየር ላይ የተሰላን ንድፍ እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ ስሌቱን ለከተማችን አየር መልሶ መሥራት ይገባል።

ከዚያ በኋላ የግድግዳውና የወለሉ ነገር ይመጣል። የክፍል አኮስቲክ ጥናት መሥራች የሆነው ዋላስ ሴቢን በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የአንድ የንግግር አዳራሽ ማሚቶ እንዲያስተካክል ሲጠየቅ፣ የቲያትር ቤት ትራሶች እያስገባና እያወጣ ድምፁ የሚከስምበትን ጊዜ ለካ። ከዚያ የወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራል። በእኛ ከተሞች በብሎኬት ተገንብቶ በሲሚንቶ የተለሰነና ሴራሚክ የተነጠፈ ባዶ ሳሎን ከነካው ድምፅ 5 በመቶ ብቻ ቢውጥ፣ ባለ 56 ሜትር ኩቡ ክፍላችን ውስጥ ድምፁ ለመክሰም 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ለማዳመጥ የሚመቸው ግን ግማሽ ሰከንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ወፍራም ምንጣፍ፣ በጨርቅ የተለበጠ ሶፋ፣ እጥፋቱ የበዛ መጋረጃና መጽሐፍ የሞላበት መደርደሪያ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። ከበጀቱ የተወሰነ ድርሻ ወደዚህ መዞር አለበት የምለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ቤዝን አይነካም። የ100 ሄርዝ ሞገድ ሩቡ ብቻ 86 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ስስ ስፖንጅ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ክፍሉን ያደበዝዘዋል፤ የቤዙን ጩኸት ግን እንዳለ ይተወዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዘመናዊ ነው፤ ክፍሉን በማይክሮፎን ለክቶ በኮምፒውተር የሚያርም መሣሪያ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ የገነነውን ኖታ ዝቅ ማድረግ ይችላል። የጠፋውን ኖታ ግን አይመልስም። ድምፁ የጠፋው ሞገዱ ከራሱ ነጸብራቅ ጋር ስለተጣፋ ነው፤ የሚጨመረው ጉልበትም በዚያው መንገድ ይጣፋል፣ ዉፈሩም በከንቱ ይለፋል። ለአንድ ወንበር የተበጀ እርማትም ለሚቀጥለው ወንበር ላይሆን ይችላል። የተሻለው መፍትሔ ከንድፉ የሚነሣ ነው። ለድምፁ አቅጣጫ የሚመቸው ቦታና ለቤዙ የሚመቸው ቦታ አንድ ስላልሆኑ፣ ቤዙን ከዋናዎቹ ስፒከሮች ለይቶ ከሁለት እስከ አራት በሚሆኑ መጠነኛ ሰብዉፈሮች በክፍሉ ውስጥ ማከፋፈል በየወንበሩ የሚሰማውን ልዩነት በእጅጉ ያጠብባል። እርማቱ ከዚያ በኋላ ሲመጣ ትንሽና ታማኝ ይሆናል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጣዕም የግል ነው የሚለው ነው። ጌጡ፣ ቀለሙና እንጨቱ በእርግጥ የግል ናቸው፤ ቤትን የሚያምር ዕቃ መመኘትም አያሳፍርም። ይሁንና ቱልና ኦሊቭ በ1994 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ዓይነት ስፒከሮች ሲታዩና ሳይታዩ የተሰጣቸው ነጥብ ተለያየ። ዓይን ሲከፈት ትልልቆቹና ያማሩት ከፍ አሉ፤ ሳይታይ በደንብ ይወዳደር የነበረው ትንሽና ርካሽ መሳዩ ወረደ። ጣዕም የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የዓይን ፍርድ ነው ማለት ነው። ገንዘቡን ለድምፅ የሚያወጣ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ስፒከሮቹንም በእኩል የድምፅ መጠን አድርጎ ማወዳደር ይገባዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው። በብዙ ቤት ሳሎኑ የቤተሰብ ነው፤ እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ቡና ይፈላበታል፣ ልጆች ይሮጡበታል። ሶፋውን ከግድግዳ አርቁ፣ ስፒከሩን ወደ መሐል አውጡ ማለት አይቻልም። እውነት ነው፤ ግን ይህ ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ክፍሉ እንደ ልብ የሚለወጥ ቢሆን ኖሮ ማንኛውም ጥሩ የፋብሪካ ስፒከር በበቃ። ክፍሉ የማይለወጥ ሲሆን ነው ስፒከሩ ለክፍሉ መለወጥ ያለበት። ግድግዳ ላይ መጠጋት ግድ ከሆነ ለግድግዳ የታሰበ ክሮስኦቨር ያለው፣ ጥልቀቱ ያነሰ ሣጥን ይሠራል። አድማጮቹ በአንድ ወንበር ሳይሆን በዙሪያው ከተቀመጡ ወደ ጎን የሚረጨው ድምፅ ይበልጥ ይጠናል።

ስለዚህ የትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ ከእንጨቱና ከዋጋው በፊት የክፍሉ ልኬት፣ የግድግዳው ዓይነት፣ ስፒከሩ የሚቆምበትና አድማጩ የሚቀመጥበት ቦታ፣ የሚደመጠው ሙዚቃና የሚፈለገው የድምፅ መጠን ይጻፍ። ሠሪው ይህን ሳይጠይቅ ቀብድ ከተቀበለ፣ የሚሠራው የፋብሪካ ስፒከር ቅጂ በውድ ሣጥን ነው። ርክክቡም በሠሪው ወርክሾፕ ውስጥ አይለቅ፤ ስፒከሮቹ በደንበኛው ክፍል፣ በተባለው ቦታ ተተክለው፣ በማይክሮፎን ተለክተው፣ ክሮስኦቨሩ በልኬቱ መሠረት ከታረመ በኋላ ይሁን። እንዲህ ያለው ሥራ ጊዜ ይወስዳል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ነገር ግን ደንበኛው በትዕዛዝ ለማሠራት የወሰነው ይህንኑ ፈልጎ ነው፤ ሠሪውም ከፋብሪካ የሚበልጥበት ሌላ መንገድ የለውም።