የማይወረስ ማዕረግ

የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻ ቅጽ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አንዱ አመልካቹ በውጭ አገር በውርስ ያገኘው ማዕረግ ወይም የመሳፍንት ደረጃ እንዳለው የሚጠይቅ ነው። ያለው ሰው ዜግነቱን ሲቀበል በይፋ ሊተወው ይገባል። ሎረል ውስጥ፣ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ቅጹን ስሞላ ብዕሬን ያስቆመው ይህ ጥያቄ ነበር። አባቴ ግራዝማች ነበሩ። እኔ ግን የግራዝማች ልጅ እንጂ ግራዝማች አልነበርኩም፤ በልጅነቴ ብቻም ልሆን አልችልም ነበር። «የለኝም» ብዬ መለስሁ፤ እውነትም ነው። የቅጹ አርቃቂዎች ማዕረግ የሞላበት፣ ማዕረጉም በአብዛኛው የማይወረስበት አገር መኖሩን ያሰቡ አይመስለኝም።

ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ«ዝክረ ነገር» የመዘገቡትን የማዕረግ ሥርዐት ላጤነው፣ ስሞቹ ራሳቸው የሚናገሩት ስለ ሥራ ነው። ግራዝማች የግራው ጦር አዝማች፣ ቀኝአዝማች የቀኙ፣ ፊታውራሪ የፊተኛው ጦር መሪ፤ ነጋድራስ የነጋዴ አለቃ። እንደ ልዑልና ልጅ በልደት የሚገኙት ጥቂት ናቸው። ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው መጡ፤ ፊታውራሪ ተባሉ፤ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ባልቻ አባ ነፍሶም ከምርኮኛነት ተነሥተው ለደጃዝማችነት በቅተዋል።

እንግዲህ ሕመማችን የደም አልነበረም። ሕመሙ ሰጪውና ነሺው አንድ እጅ መሆኑ፣ ማዕረጉም ከጉልት ጋር መጋባቱ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዓ.ም. ሲሞቱ ጦራቸውም መሬታቸውም በራስ ተፈሪ እጅ ገባ። ባልቻ በ1920 ዓ.ም. ሠራዊት አስከትለው አዲስ አበባ ሲመጡ፣ እሳቸው ግብር ላይ ሳሉ ሠራዊቱ በገንዘብ ተበተነ፤ የሲዳሞ ግዛታቸውንም አጡ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የስግብግቦች መፈክር ተደርጎ ይጠቀሳል፤ እኔ ግን የዚያ ሥርዐት የምርመራ ውጤት አድርጌ አነበዋለሁ።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚሁ ይነሣል፤ ቅሬታው ከደራሲው ይልቅ በአንባቢው ላይ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ዘር ሲቆጥሩ፣ ለልጃቸው የሚመጥን ሲያጡ እንስቃለን፤ ሳቁም ይገባቸዋል። መጽሐፉ ግን አበጀ በለውን የተከተሉትን ባላገሮች ያስነሣቸው የፊታውራሪው አጥንት ሳይሆን የሚጠየቁት ግብር መሆኑን አልሰወረም። እኛ የአጥንቱን ኩራትና «ፊታውራሪ» የሚለውን ቃል አንድ ላይ ዋጥን፤ ግብሩን ረሳን።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የማዕረጉ እንጀራ ተቋረጠ። በሚቀጥለው ወር ዘውዱ ተሻረ፤ የማዕረግ ስሞቹም አብረው ተሻሩ። መሬቱ ከሄደ በኋላ ስሙ ማንን ይጎዳ ነበር? አባቴ በቀበሌው መዝገብ በባዶ ስማቸው ተጻፉ። ጎረቤት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ግራዝማች ማለቱን አልተወም። አንድ ሽማግሌ በስብሰባ ላይ አምልጧቸው «ጓድ ግራዝማች» ማለታቸውን እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ስታወራው ትስቅ ነበር።

ሕክምና የተማርኩት በሶቪየት ኅብረት ነው። እዚያም ማዕረግ አይወረስም፤ ጀግና ግን ሞልቷል። ደረቱ በሜዳይ የተሸፈነ ሽማግሌ ለሥጋ የተሰለፍነውን ሁሉ አልፎ ይገባል። ብሬዥኔቭ «የሶቪየት ኅብረት ጀግና» የሚለውን ክብር እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1981 ባሉት ዓመታት አራት ጊዜ ተቀብለዋል። የትምህርት ጓደኞቼ፣ ሰውየው ለሜዳዩ ቦታ እንዲገኝ ደረታቸውን በኦፕራሲዮን አስፍተዋል እያሉ ይቀልዱ ነበር። ደም የለበትም፤ እጁና እንጀራው ግን እንዳሉ አሉ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 71 ፕሬዚዳንቱ ሜዳይና ሽልማት እንዲሰጡ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነትም ከፍተኛ ወታደራዊ ማዕረግ እንዲሰጡ ደንግጓል። ለአዋላጇና ለቅኔ መምህሩ የሚጠሩበት ስም ግን የለም። ክፍተቱን ራሳችን ሞላነው፤ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ አርቲስት፣ ሎሬት እያልን። የክብር ዶክትሬት የተቀበለውም ዶክተር ነው፤ እኔም በየድግሱ «ዶክተር» እየተባልሁ ከፊት ወንበር መቀመጤን አልጠላሁትም። (ሎሬት የሚለው ቃል ከምኖርባት ከተማ ስም ጋር አንድ ሥር አለው። የሜሪላንድ ጫካ ሎረል ግን የጥንቱ አክሊል ቅጠል አይደለም፤ ፍየል የሚገድል መርዝ አለበት።)

ከእነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ስም አውቃለሁ። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በ1985 ዓ.ም. ከአርባ በላይ መምህራን ጋር ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተሰናበቱ፤ ኋላም ታሰሩ፤ በ1991 ዓ.ም. ፊላደልፊያ ውስጥ አረፉ። ሥራቸው ተወሰደ፤ «ፕሮፌሰር» የሚለውን ግን ከአፋችን የሚወስድ አልተገኘም።

አንዲት ሪፐብሊክ ማዕረግ ትስጥ ቢባል እኔ የማስበው እንዲህ ያለውን ነው። ደመወዝ፣ ቤትና መሬት የማያስከትል፤ ከባለቤቱ ጋር የሚቀበር፤ መንግሥት ሲለወጥ የማይነጠቅ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ የሚሻር። መራጮቹ በየጊዜው የሚለወጡ፣ እነሱ ራሳቸው ሊመረጡ የማይችሉ ሰዎች ይሁኑ። ፈረንሳዮች ሌዥዮን ዶኖራቸውን በሥራ ላይ ላለ የፓርላማ አባል አይሰጡም፤ እኛ ደግሞ ለሚኒስትሩ፣ ለጄኔራሉና ለዳኛውም በሥራ ላይ ሳሉ እንከልክል። ስሞቹን ከአሮጌው ሣጥን ብናወጣ አልፈራም፤ ለሐቀኛ ነጋዴ ነጋድራስ፣ ለጥበብ ሰው ሊቀ ጠበብት።

ይህን ጽፌ ስጨርስ የአባቴን ጉዳይ መረመርሁ። ግራዝማች የተባሉት የወረዳ ዳኛ ሆነው በሥራ ላይ ሳሉ ነው። በእኔ ሕግ አይሾሙም ነበር።