ያልተሞረደው ድምፅ

የአሜሪካው ራፕ ቡድን የዉ-ታንግ ክላን አፍቃሪዎች ሲገናኙ አንድ ሙግት አይቀርም፦ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው አልበም ይበልጣል ወይስ የ1997ቱ ባለ ሁለት ሲዲ «ዉ-ታንግ ፎርኤቨር»? እኔ ያለ ማመንታት ከመጀመሪያው ወገን ነኝ። የቡድኑ ፕሮዲዩሰር ሪዛ ከአሮጌ የሶል ሸክላዎችና ከኩንግ ፉ ፊልሞች የቆረጣቸውን ድምፆች ሲያጋጥም ሻካራነታቸውን አልሞረደውም። ከበሮው ደረቅ ነው፤ የሸክላው መንቻቻት ይሰማል፤ ራፐሮቹ የስታተን አይላንድ ልጆች ማይኩን አንዱ ከሌላው አፍ የሚነጥቁ ይመስላሉ። ገንዘብ እንደ ልብ ቢኖራቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ሻካራነት ታጥቦ ይወጣ ነበር። የኋለኛውም ቢሆን የዋዛ አይደለም፤ በ«ትራያምፍ» ዘፈን የራፐሩን የኢንስፔክታ ዴክን ስንኝ ማን ይክዳል? ግን ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥራ ነው፤ ብዙውን እዘለዋለሁ። ከመጀመሪያው የምዘለው የለም።